«ዜጋ» ስለሚባለው ቃል

አንድ ሰው ድንገት ጠጋ ብሎ «ዜጋ ነህ?» ወይም «ዜጋ ነሽ?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? የሕግ ተማሪው የዜግነትን አዋጅ ይጠቅስ ይሆናል። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪው ስለ መብትና ግዴታ አንድ ሰዓት ሊናገር ይችላል። አብዛኞቻችን ግን «ታዲያ ምን ልሆን ኖሯል?» ብለን ስቀን እናልፋለን። ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፥ ግራና ቀኝ ታይቶ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ወንድ ሆኖ ወንድን የሚያፈቅር፥ ሴት ሆና ሴትን የምታፈቅር፥ ወይም ሲወለድ በተጻፈለት ጾታ ራሱን የማያገኝ ሰው፥ እንደ እርሱ ያለውን ሌላ ሰው ለመለየት የሚጠቀምበት ቃል «ዜጋ» ነው። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ስቆ ያልፋል። ቃሉ የተመረጠውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ርእስ ሳነሣ ከወንድሞቼና ከእኅቶቼ ተማሪዎች መካከል ገና በዚህ መስመር ላይ መጽሔቱን የሚያስቀምጥ እንደሚኖር አውቃለሁ። የቀረው ግን ትንሽ ይታገሠኝ። ስብከት አላዘጋጀሁም፤ ሃይማኖቱንም ተው የምለው ሰው የለም። ለማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ስማቸውን መጥራት ነውር፥ ኑሯቸው ወንጀል የሆነባቸው ሰዎች በአገራችን ውስጥ ራሳቸውንና ታሪካቸውን በምን ዘዴ ጠብቀው እንደ ቆዩ።

በመጀመሪያ ቃሉን ራሱን እንመልከት። ዜጋ ማለት ሁልጊዜ የአገሩ ባለመብት ማለት አልነበረም። ሀብታሙ መንግሥቴ በምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሥሪት ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፥ በጎንደር ዘመነ መንግሥትና ከዚያም በኋላ ዜጋ የሚባለው ርስት የሌለው፥ በጌታው መሬት ላይ ተቀምጦ ጌታውን የሚያገለግል ሰው ነበር። ባላገሩ ርስት አለው፤ ዜጋው የለውም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ ተገለበጠና ባለመብት ማለት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ መብት የተነፈጉት ሰዎች አንሥተው የምሥጢር ስማቸው አደረጉት። ይህን ያደረጉት የጎጃምን የመሬት መዝገብ አንብበው ነው አልልም። ነገር ግን ከቤቱ ወጥቶ ብዙ አገር ዞሮ በሌላ በር ወደ ቤቱ የተመለሰ ቃል ከዚህ ሌላ አላውቅም።

ሌሎቹ ስሞች ከውጭ የተሰጡ ናቸው። የሕጉ ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው፤ ስሙ በእሳት ከጠፋች ከተማ የመጣ ስለሆነ ፍርዱን በሆዱ ይዞ ይዞራል። የመንገዱን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ሁላችንም በልጅነታችን ኳስ ስንጫወት ተሰዳድበንበታል፥ ትርጉሙን ሳናውቀው እንኳ። ስለዚህ ራሱን በአማርኛ ለመጥራት የፈለገ ሰው ከእርግማንና ከስድብ ሌላ የሚያነሣው ቃል አልነበረውም። ለዚህ ነው አንድ ተራ የሲቪክ ትምህርት ቃል ወስደው ልብስ አድርገው የለበሱት።

ወደ ሕጉ እንምጣ። አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፥ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፥ በአንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ሰው ጋር የሚደረገውን ግንኙነት በቀላል እስራት ይቀጣል። ቀላል እስራት በዚሁ ሕግ አንቀጽ 106 መሠረት በመደበኛው ከዐሥር ቀን እስከ ሦስት ዓመት ነው። የሚቀጥለው አንቀጽ 630 ደግሞ ቅጣቱ የሚከብድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አንቀጽ 630 ኃይልንና ማስገደድን፥ አንቀጽ 631 በልጆች ላይ የሚፈጸመውን በደል ይመለከታሉ፤ እነዚህንም መቅጣት ተገቢ ስለ መሆኑ የሚከራከር የለም። አንቀጽ 629 ግን የሚመለከተው ለአካለ መጠን የደረሱና የተስማሙ ሁለት ሰዎችን ነው። በሰው አፍ ሦስቱ አንቀጾች አንድ ሆነው ስለሚነገሩ ልዩነቱ ይጠፋል።

«ይህ ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይሰማል። የአሁኑ አንቀጽ የተወረሰው ከ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው፤ የዚያን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት ደግሞ የስዊዝ ተወላጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበሩ። ከዚያ በፊት የነበረው ፍትሐ ነገሥትም ነገሩን ያወግዛል፤ እርሱም በዐሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ካጠናቀሩት መጽሐፍ የተመለሰ ነው። እንግዲህ ከውጭ መምጣት ኃጢአት ከሆነ ክልከላውም ፓስፖርት ይጠየቃል ማለት ነው።

ስለ ሰዎቹ ራሳቸው ግን የውጭ ተመራማሪዎች እዚሁ ያገኙትን ጽፈዋል። ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ደጋው አማራ በጻፉት የዶክትሬት ሥራ እንደ ሴት የሚኖሩ ወንዶችን ጠቅሰዋል፤ ገበሬው እነዚህን ሰዎች እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን ፈጣሪ ሲሠራቸው እንደ ተሳሳተባቸው አድርጎ ያያቸው ነበር። አባባሉ ደስ አያሰኝም፤ ዳሩ ግን ፖሊስ አይጠራም። ዶናልድ ዶናም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ በደቡብ በማሌ ሕዝብ ዘንድ «አሽቲሜ» ስለሚባሉት ጽፈዋል። ወንድ ሆነው ተወልደው የሴት ልብስ የሚለብሱ፥ የሴት ሥራ የሚሠሩ፥ በንጉሡ ቤትም የታወቀ ቦታ የነበራቸው ነበሩ። ንጉሡ ከታላቅ ሥርዓት በፊት ባለው ሌሊት ከሴት ጋር መተኛት ሲከለከል ከአሽቲሜ ጋር ግን አልተከለከለም። ዶናም በአብዮቱ ዘመን አካባቢ ሲደርሱ ያገኙት አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ወንድ ሆኖ ሚስት አላገባ፥ ሴት ሆኖ ልጅ አልወለደ፥ ፈጣሪ ጠማማ አድርጎ እንደ ሠራው አስረድቷቸዋል። እኔን ያስገረመኝ ማብራሪያው አይደለም፤ የመጨረሻው ሰው ታሪኩን የሚነግረው አገር አቋርጦ ለመጣ እንግዳ መሆኑ ነው።

ስለ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የተነሣውን ክርክርም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ በጥንቃቄ እናገራለሁ። አጼ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡን ባስገደዱበት ዘመን እኒህ እመቤት ባላቸውን ትተው መነኮሱ፤ ተሰደዱ፤ ተጋዙ፤ ተከታዮቻቸውን ሰብስበው በጣና አካባቢ ማኅበራት መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1642 እስካረፉ ድረስ ባልንጀራቸው እኅተ ክርስቶስ አልተለየቻቸውም፤ ከዕረፍታቸውም በኋላ ማኅበሩን የመራችው እርሷ ናት። አባ ገላውዴዎስ ገድሉን የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1672 ነው። ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት፥ ስለ ሁለቱ ሴቶች ፍቅርና በገዳሙ ስለነበሩ ወጣት መነኮሳዪያት የሚናገሩ ክፍሎች ላይ የሰጡት ትርጓሜ ብዙ የአገራችንን ምሁራንና ምእመናን አስቆጣ። ትርጉሙ ግእዙን ስቷል፥ መንፈሳዊ ፍቅርን በሥጋዊ ዓይን አይቷል ተባለ። ከእጅ ጽሑፍ እጅ ጽሑፍ የሚለያዩ ንባቦች ስላሉ ነገሩ በቀላሉ የሚዘጋ አይደለም። በእኔ አስተያየት አሁን ያለንን ስም ለዐሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ቅድስት መለጠፍ ትክክል አይደለም። ነገር ግን ክርክሩ ሊካሄድ የሚገባው ግእዙን በእጃችን ይዘን መሆን ሲገባው፥ አብዛኛው ሰው የተከራከረው ገድሉን ሳይከፍት ነው። እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችስ ስንቶቻችን ነን የከፈትነው?

አሁን ወደ ዘመናችን። የመንግሥት ፊት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ሃይማኖት መሪዎች ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት እንዲሰፍር ጠየቁ። በዚያው ዓመት የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከገቢው ከመቶ ዐሥር በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይገባ ስላገደ፥ ስለ ማንኛውም ዓይነት መብት የሚናገር ማኅበር በአገሩ ውስጥ መተንፈስ አቃተው፤ ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። በኅዳር 2004 ዓ.ም. የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲደረግ፥ ከጉባኤው በፊት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶችን ጤና የሚመለከት ስብሰባ ሊደረግ መሆኑ ትልቅ ቁጣ አስነሣ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ይህ ወንጀል ይቅርታ ከማይደረግባቸው ጋር እንዲቈጠር የሕግ ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ ለሚያዝያ 18 ቀንም በአዲስ አበባ ሰልፍ ተጠርቶ ነበር። ሁለቱም ተሰረዙ። የመንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩት ሬድዋን ሁሴን ጉዳዩ የመንግሥት አጀንዳ እንዳልሆነ ተናገሩ። በ2011 ዓ.ም. የአንድ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ደንበኞች ላሊበላን ሊጎበኙ ነው ተብሎ አገር ተናወጠ።

ከሁሉ የከፋው የ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። የአዲስ አበባ አስተዳደር የሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ ፍተሻ እንደሚያደርግ አስታወቀ፤ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጠየቀ። በዚያው ሳምንታት በቲክቶክ የሰዎች ፎቶግራፍ ከነስማቸው እየተለቀቀ እንዲገረፉ፥ እንዲወጉ፥ እንዲገደሉ የሚጠይቁ ቪዲዮዎች በመቶ ሺህ ሰው ፊት ተመላለሱ። ከዚህ በፊት ጠቋሚ ጎረቤት ነበር፤ አሁን ስልክ የያዘ ሁሉ ጎረቤት ሆነ። ፎቶግራፉ የወጣበት ሰው በእርግጥ «ዜጋ» ይሁን አይሁን የጠየቀ አልነበረም፤ ቂም ያለው፥ ብድር መክፈል የማይፈልግ፥ ቅናት የያዘው ሁሉ መሣሪያ አገኘ።

እኔ ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው። በዚያ ክረምት ፎቶግራፋቸው ከወጣው አንዱ ወዳጄ ናቸው። ሰማያዊ በር ካለው አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አከራያቸው ደግ ሴት ናቸው፤ ለበዓል ዳቦ ቈርሰው ይልኩ ነበር። ቪዲዮውን ልጃቸው ባሳያቸው ማግስት ጧት በሩን አንኳኩተው «ልጄ፥ እኔ ምንም አላልኩም፤ ግን ሰው እንዳይመጣብኝ» አሉ። ወዳጄ በአንድ ሻንጣ ወጡ። ፍራሹን ትተውታል።

አንባቢ ወዳጄን በአንቱታ መጥራቴን አስተውሎ ይሆናል። እድሜያችን እኩል ነው፤ ሲገናኙኝም አንቱ አልላቸውም። ነገር ግን አማርኛችን እንዲህ ያለውን ሰው ታሪክ ለመጻፍ የተመቸ አይደለም። እንግሊዝኛ ሁለተኛውን መደብ በአንድ ቃል ያልፈዋል፤ እኛ ግን ገና «ደህና» ሳንል «ነህ?» ወይም «ነሽ?» መምረጥ አለብን። ግሡ ሁሉ ጾታ ይናገራል። ጾታ የማይናገረው አንቱታ ብቻ ነው። «እሳቸው መጡ» ስል ወንድ ይሁኑ ሴት፥ ከሁለቱም ውጪ ይሁኑ፥ ማንም አያውቅም። ለሽማግሌና ለሹም የተዘጋጀው ክብር ለተሳደደ ሰው መሸሸጊያ ሆኖ ማግኘቴ አስቆኛል፤ አስደስቶኛልም። (የመጀመሪያው መደብ «እኔ» ደግሞ ጾታ የለውም። ስለ ጸሐፊው የሚጠይቅ ካለ በዚህ ይበቃዋል።)

በመካከላቸው ግን ሰዋስዉን እንደ ልባቸው ይጫወቱበታል። ወንዱ ወንዱን «አንቺ» ይለዋል፤ ሴቷ ሴቷን «አንተ»። ይህም ከሰማይ የወረደ አይደለም። እናቶቻችን ሴት ልጃቸውን ሲያቈላምጡ «አንተ ልጅ፥ ና እስቲ» ይሉ የለምን? ወንዱንም ሕፃን «እሷ መጣች» እያሉ ያጫውቱታል። በቤት ውስጥ የፍቅር ቋንቋ የሆነውን ነገር ወስደው አሰፉት፤ ይኸው ነው። ሲወለድ በተጻፈለት ጾታ ለማይኖር ሰው ግን ይህ ጨዋታ አይደለም። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ጾታ» የሚል መስመር አለ፤ በአዲሱ የፋይዳ መታወቂያም ይመዘገባል። በኬላ ላይ አውቶቡስ ቆሞ መታወቂያ ሲታይ ፊቱና መስመሩ ካልተስማሙ የሚሆነውን ወዳጄ ሲነግሩኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው በትክክለኛው ግሥ ሲጠራቸው ቀኑን ሙሉ ይበቃቸዋል።

ታሪካቸውን የሚነጋገሩበት መንገድ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። አንድ ጊዜ ወዳጄ ወደ አንድ ቤት ይዘውኝ ሄዱ፤ ስድስት ሰዎች ቡና አፍልተው ተቀምጠዋል። ማንም «እኔ» አይልም። «አንድ ሰው ነበር» ይላል። ያ ሰው በሠርጉ ዋዜማ ጠፍቶ ሐዋሳ ገባ፤ ያቺ ሴት ጓደኛዋ ስትሞት ለቅሶ ላይ «ጎረቤት ነኝ» ብላ ከኋላ ተቀመጠች። አንደኛው እንዲያውም እንደ አያቶቻችን «ተረት ተረት» ብሎ ይጀምራል፤ ሌሎቹም «የላም በረት» ብለው ይቀበሉታል። ፖሊስ ቢመጣ ተረት ነው፤ ማንም በተረት አይከሰስም። ሁሉም ግን የማን ታሪክ እንደ ሆነ ያውቃሉ። ለቅሶ ላይ ከኋላ ስለ ተቀመጠችው ሴት ሲነገር ቡና የምትቀዳው እጇን አቆመች፥ ከዚያም ቀጠለች። እኛ በክፍል ውስጥ ስለ ሰምና ወርቅ ስንማር እንደ ሞተ ነገር ነው የምንማረው። እነርሱ በየሳምንቱ ይኖሩበታል።

ለቢሾፍቱ ልጅ ይህ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ስለ ከተማችን ኢሬቻ እ.ኤ.አ. በ2019 መጽሐፍ ያሳተሙት ሠራዊት በቀለ ደበሌ በሆራ አርሰዲ ዳር የሚቀርበውን ምርቃትና ጸሎት እንደ ፖለቲካ ንግግር አንብበውታል። በአደባባይ ሊባል የማይችለው ነገር በምርቃት ውስጥ ይባላል ማለት ነው። ዝም የተባለ ሕዝብ ሁሉ አፍ የሚያበጅበት ቦታ ያገኛል፤ አንዱ በሐይቅ ዳር፥ ሌላው በቡና ረከቦት ዙሪያ።

በምርምሩ በኩል ብዙ የለም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ክፍል ጌትነት ታደለ ወንድን ከሚያፈቅሩ የአዲስ አበባ ወንዶች ጋር ተነጋግረው እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ጽሑፎች አሳትመዋል። የሰዎቹን ፍርሃት፥ የተደበቀ ኑሮአቸውን፥ ከኤድስ መከላከያ ዕቅድ ውጪ መቅረታቸውንም አሳይተዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር የሁላችንም ጉዳይ ነው፤ ሕክምና ለመጠየቅ ወንጀልህን አምነህ ተናገር የተባለ ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም፥ በሽታው ግን አይቆምም። ጥናቱ ድፍረት ነበረው። ሆኖም ጽሑፎቹ በእንግሊዝኛ፥ በውጭ መጽሔቶች የታተሙ ስለሆኑ፥ ታሪካቸውን የነገሩት ሰዎች አብዛኞቹ ሊያነቡት አይችሉም።

ስማቸውን ገልጠው የሚናገሩት በስደት ያሉት ናቸው። በ2015ቱ ክረምት ቲክቶክ ቪዲዮዎቹን እንዲያወርድ በይፋ የጠየቀው «ሐውስ ኦቭ ጉራማይሌ» የሚባል ማኅበር ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝ ኦስትሪያ ይኖራሉ፤ ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው አይጠሩም፤ እነሆ አንቱታው እዚህም ረዳኝ። የማኅበሩን ስም ልብ በሉ። ጉራማይሌ ማለት ድዱን በየመካከሉ የተነቀሰ፥ አንዱ ጥቁር አንዱ ቀይ ሆኖ የሚታይ ጌጥ ነው። ሁለት ቋንቋ እየቀላቀለ የሚናገረውንም ጉራማይሌ ይናገራል እንላለን፤ ለእኛ ለተማሪዎች ስድብ ሲሆን ለድዱ ግን ውበት ነው።

በጎረቤት ኬንያም የሆነው ይመስለዋል። ደራሲው ቢንያቫንጋ ዋይናይና እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ለሟች እናቱ የሚናገር አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ማንነቱን ገለጠ፤ በዚያው ዓመት «ስቶሪስ ኦቭ አወር ላይቭስ» የሚባል ከእውነተኛ ሰዎች ቃል የተቀዳ ፊልም ተሠራ። የኬንያ መንግሥት ፊልሙ እንዳይታይ ከለከለ፤ ፊልሙ ግን በርሊን ደርሶ ተሸለመ። በእነርሱና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። እነርሱ የታገደ ፊልም አላቸው፤ እኛ ሊታገድ የሚችል እንኳ የለንም።

አንዳንድ ወንድሞቼ «ታዲያ ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ያዛል። አንቀጽ 629 ከእነዚህ ጋር እንዴት ይታረቃል የሚለውን ለሕግ ተማሪዎች እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው እዚህ ግቢ ውስጥ የተማሪ ስልክ ተነጥቆ መልእክቱ ሲነበብ፥ የሚያነብበው ፖሊስ ሳይሆን እኛው መሆናችንን ነው።

ይህን ጽሑፍ ወደ ስቴንስሉ ከመሄዱ በፊት ለወዳጄ ቢሾፍቱ ሄጄ አነበብሁላቸው። ባቦጋያ ዳር ተቀምጠን ነበር። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ፤ ከዚያ ስንት ቅጂ እንደሚባዛ ጠየቁ። ሦስት ነገር እንድለውጥ ለመኑኝ፤ ለውጫለሁ። የሐዋሳው ሰው ሐዋሳ አልሄደም። ቡና ያፈሉት ስድስት አይደሉም። በሩም ሰማያዊ አይደለም።